ሃያ አንድ ነጥብ

ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ የድሮ ሳንቲም ይሰበስባል፣ ምንም ያጣ ደግሞ የሰው ነገር ይሰበስባል። ባለሌንሱ የሚሰበስበው ግን ማንም ዞር ብሎ የማያየውን መብራት ነው። መብራት ሲባል ቤት የሚያበራ እንዳይመስላችሁ። ዓለም ኤልኢዲ የሚባለውን ነገር ገና ስትለምድ የወጡ፣ ከአሮጌ ካልኩሌተርና ከተጣለ መለኪያ ላይ የተነቀሉ፣ ትልቁ ባቄላ ትንሹ ምስር የሚያህል ቀያይ ቁጥሮች ናቸው። ዛሬ ሕፃናት ጫማ ተረከዝ ላይ የሚያብለጨልጨው እንኳ ከሁሉም ይደምቃል። ይህን ሲነግሩት ባለሌንሱ ይቆጣል። «የልጅ ልጅ ከአያቱ ቢፈጥን ምን ይገርማል?» ይላል።

ቅጽል ስሙን ያወጡለት ተቀጥሮ በኖረበት ተቋም የመለኪያ መሣሪያዎች ጥገና ክፍል አብረውት የሠሩ ሰዎች ናቸው። ጡረታ ከወጣ አሥር ዓመት ቢሞላውም የሰዓት ሠሪ ማጉያ ሌንሱን እስከ ዛሬ በክር አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው፤ ሲበላም፣ ሲላጭም፣ ሲቆጣም አብራው ትወዛወዛለች። ልጆቹ አድገው ሲወጡ የለቀቁትን ክፍል ወርሶ፣ ከአንድ የተዘጋ ፋርማሲ ያገኘውን ባለ ሰባ ሁለት መሳቢያ ቁም ሣጥን ግድግዳውን ሙሉ አቁሞበታል። በእያንዳንዱ መሳቢያ ውስጥ ከዕቃው ጋር አንድ ቁራጭ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ ሁልጊዜ ሦስት መስመር ይጻፋል፤ ከምን ማሽን እንደወጣ፣ ምን እንደደረሰበት፣ ከማን እንደተገኘ። ሦስተኛውን መስመር ባዶ ትቶ አያውቅም። የሰጠውን ሰው መርሳት ለሱ ከስርቆት አይለይም።

ሚስቱ አንድ ቀን አቧራ ስትወለውል ቆም ብላ፣ «ብረት ለቃሚው እዚህ ውስጥ ስንት ቦታ ተጽፏል፤ የአሳንሰር ጠጋኙም አለ፤ ያ ሰካራሙ የሬዲዮ ነጋዴ እንኳ አለ። እኔ አንድም ቦታ የለሁም» አለችው።

«አንቺ ደግሞ ምን ሰጠሽኝና?» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ጨርቋን አራግፋ ወጣች፤ እሱም ነገሩን እዚያው ረሳው።

የሰውየውን አመል ለመረዳት ወደ አንድ አሮጌ ሰዓት ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል። ከአርባ አንድ ዓመት በፊት፣ እሱ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ቴክኒሻን፣ ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ገና ከትምህርት የወጣ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ሳሉ፣ ሁለቱ ተቋሙ አይቶት የማያውቀውን ዲጂታል ሰዓት ሠሩ። ሰዓቱ የጫማ ካርቶን የሚያህል የጠረጴዛ ሰዓት ነው። የሚቆጥረው ሰርኪዩት የታናሽየው ነበር፤ ይህን ባለሌንሱ ክዶ አያውቅም። የሚታየው ፊት ግን የሱ ነበር። ያኔ አዲስ ዲጂት፣ ማለትም አንድ ቁጥር የሚያበራውን መብራት፣ መግዛት የማይታሰብ ስለነበር ከተወገዱ ማሽኖች አርባ ያህል ለቀመ፤ አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ፈዛዛ፣ አንዱ ግማሽ ጎኑ የሞተ። ምሳ ሰዓቱን እየሠዋ መስኮት አልባው ግምጃ ቤት ውስጥ ይገባና ሁለት ሁለቱን እያበራ ያስተያያል። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። በመጨረሻ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ስድስት አገኘ።

ስድስቱንም በራሱ ምልክት ለየ። ከሚስቱ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ በመርፌ ጫፍ እየነከረ፣ ቁጥሩን በሚያጎላው የፕላስቲክ ቆብ ጥግ ላይ ለመጀመሪያው ዲጂት አንድ ነጥብ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ እንዲህ እያለ ለስድስተኛው ስድስት አኖረ። ሲደመር ሃያ አንድ ነጥብ። ቀዩን ቀለም የመረጠው አውቆ ነው፤ ሰዓቱ ፊቱ ላይ ቀይ መስኮት አለው፣ በቀይ መስኮት ጀርባ ደግሞ ቀይ ነጥብ አይታይም። በክፍሉ ውስጥ እንዲህ የሚሠራ ከሱ በቀር አልነበረም። ባልደረቦቹ «ያንተ ሥራ ሁሌ ተኳኩሎ ነው የሚወጣው» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ቤት ወስዶ ለሚስቱም አሳያት፤ በቀለሟ ምን እንደተሠራ አይታ ከት ብላ ሳቀች።

ሰዓቱ ባለቀ ሰሞን ውጭ አገር ሄዶ አራት ዓመት የመማር ዕድል መጣ፤ ለአንድ ሰው። መራጭ ኮሚቴው የሰዓቱን ሠሪ ሊያይ በሚመጣበት ሳምንት ባለሌንሱ የተበላሸ መለኪያ ሊጠግን ሩቅ ጣቢያ ለሦስት ቀን ተላከ። ሲመለስ ወንድሙ ሻንጣ ሊገዛ ሲወጣ በር ላይ ተገናኙ። ለኮሚቴው የተነገረው ሰዓቱ የታናሽየው የብቻው ሥራ ነው ተብሎ ነበር።

ደሙ ፈላ። «ሰዓቱ ይከፈት! ነጥቦቼ ይመስክሩ!» ብሎ ወደ ኃላፊው ሊሮጥ ሲነሣ እናቱ እግሩ ላይ ወድቃ ያዘችው። «የወንድምህን ዕድል አትዝጋ። እኔ በሕይወት እያለሁ ያንን ሰዓት ላታስከፍት ማልልኝ» አለችው። የእናት ነገር ሆነበትና ማለላት። እሷም እንባዋን እየጠረገች «አይዞህ ልጄ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብላ መረቀችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓቱ ወደተቀመጠበት ክፍል እግሩን አላነሣም፤ ኮሪደሩን እንኳ ዞሮ ነበር የሚያልፈው። ወንድሙ ተምሮ ተመለሰ፣ አስተማሪ ሆነ፣ ፕሮፌሰር ተባለ። እናታቸው ከመሐላው በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ኖራ አረፈች። ያን ጊዜ ደግሞ ሰዓቱ ተነሥቶ የትኛው መጋዘን እንደተጣለ የሚያውቅ ጠፋ። ባለሌንሱ ግን «እዚያው ውስጥ ናቸው፤ ሃያ አንዱም አሉ» ማለቱን አልተወም። ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ሀብት ነው፤ ቢሆንም ሰው ያለችውን ላም ይቆጥራል። የዚያ ዓይነት ዲጂት ባገኘ ቁጥር እየለቀመ፣ አርባኛው መሳቢያ ውስጥ ንጹሕና እኩል የሚበሩ ስድስት አከማቸ። እነሱን ብቻ ለማሟላት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶበታል።

ይህ ወሬ ሲነሣ ሚስቱ ወይ ምድጃ ላይ የተጣደ ነገር ትዝ ይላታል፣ ወይ ልብስ ልታሰጣ ትወጣለች። ጥፍሯን መቀባት የተወችውም በዚያው ዘመን ነው። ያኔ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ሰባት ወሯ ስለነበር እሱ ነገሩን ለእናትነት ሰጥቶት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ፕሮፌሰሩ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን አቅፎ መጣ።

«ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ?»

«አለሁ። ዛሬ ምን እግር ጣለህ?»

ፕሮፌሰሩ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ጨርቁን ገለጠው። ባለሌንሱ ቁጭ አለ። ያው የጥንቱ ሰዓት ነበር።

«መጋዘን ሲያጸዱ አገኙት» አለ ፕሮፌሰሩ። «ተቋሙ ቅዳሜ ሃምሳኛ ዓመቱን ያከብራል። በመስታወት ሣጥን አድርገው መግቢያው ላይ ሊያኖሩት ነው። ይቆጥራል፤ ግን ቁጥሩ አይነበብም። ያኔም ደብዘዝ ይል ነበር፣ ሰው ሁሉ ዲጂታል ማለት እንዲህ ነው ብሎ ተቀበለው እንጂ። አሁን ጭራሽ ጠፋ። የዛሬ ልጆች እንዲህ ያለ ዕቃ ዓይተውም አያውቁም። ወንድምህ ጋ ከሌለ የትም የለም አሉኝ።»

«እኔን ነው የፈለጋችሁት ወይስ መሳቢያዬን?»

«ኧረ ሁለቱንም» ብሎ ፕሮፌሰሩ ሊስቅ ሞከረ።

«ከሥሩ ምን ይጻፍበታል?»

ፕሮፌሰሩ መልሱን አሰናድቶ ነበር የመጣው። «ሠሪው ተብሎ የኔ ተጽፏል፤ እሱ ከታተመ ቆየ። ከታች ግን ያደሰው ብለን ያንተን እንጨምራለን። እኔ ራሴ ነኝ የነገርኳቸው።»

«ያደሰው! የገዛ ልጁን ያጠበ አባት ሞግዚት ሊባል ነው?»

«ጋሼ፣ ያለፈ ነገር እኮ ነው...»

«ላንተ አልፏል። እናታችን ካረፈች አሥራ አምስት ዓመቷ፤ መሐላዬን ጨርሻለሁ። አሁን እዚሁ ፊትህ እከፍተዋለሁ። ነጥቦቼ ካሉ ሁለት ስም ይጻፋል። ከሌሉ ያንተ ብቻ ይሁን፤ ሁለተኛ አላነሣብህም።»

በዚህ መሐል ሚስቱ ሻይ ይዛ ገባች። ፕሮፌሰሩ ቀና ብሎ አያትና ቶሎ ዓይኑን መለሰ። እሷ ትሪውን አስቀመጠች፤ እንደ ወትሮዋ ግን አልወጣችም፣ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆመች።

ባለሌንሱ አራቱን ብሎኖች ፈታ።  ቀዩን መስኮት አነሣ፣ ሌንሱን ዓይኑ ላይ ሰካ፣ አጎነበሰ።

የመጀመሪያው ዲጂት ላይ ነጥብ የለም። ሁለተኛው ላይም የለም። እስከ ስድስተኛው ሄዶ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፣ እንደገና ቆጠረ፤ የሌለ ነገር ደግሞ መቶ ጊዜ ቢቆጠር ያው ነው። በነጥቦቹ ፈንታ ስድስቱም ቆብ ነጭ ጭጋግ ለብሷል፤ ወተት ተጠጥቶበት ሳይለቀለቅ የዋለ ብርጭቆ ይመስላል።

«አየህ ጋሼ» አለ ፕሮፌሰሩ በለሰለሰ ድምፅ። «ዕድሜ ነው። ነጥብም ከነበረበት ረግፎ ይሆናል።»

 ባለሌንሱ ተነሥቶ አርባኛውን መሳቢያ ሳበና አንዱን ዲጂት አምጥቶ ከሰዓቱ አጠገብ አኖረው። እንደ ውሃ ጠብታ ጥርት ያለ ነበር። «ይህ የነዚያ እኩያ ነው፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ» አለ። «ብርሃኑ በዕድሜ ይደክማል። ፕላስቲኩ ግን በዕድሜ እንዲህ አይሆንም።» ከዚያ ከወዳደቁት መሐል እግሩ የተሰበረ ሌላ ዲጂት መረጠ፣ የሰርኪዩት ማጽጃ አሴቶኑን ከፈተ፣ ጥጥ ነከረ፣ ቆቡን ጠረግ ጠረግ አደረገው። ፕላስቲኩ ዓይናቸው እያየ ነጣ። አሁን ሦስቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ጥርት ያለው፣ አሁን የተበላሸውና ያኔ የተበላሸው። ኋለኞቹን ሁለቱን መለየት ይቸግር ነበር።

«አሴቶን ነው፤ ሴቶች ጥፍራቸውን የሚያስለቅቁበት» አለ። «ቀለሙን ይጠርጋል፣ ፕላስቲኩን ግን ይበላል። በእጁ ዲጂት ነክቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ቢገድሉት አያደርገውም። ሰርኪዩት ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው የሚያደርገው።»

«ፕላስቲኩን እንደሚጎዳ አላወቅኩም ነበር» አለ ፕሮፌሰሩ። ምን እንዳለ የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ባለሌንሱ አርባ አንድ ዓመት የጓጓለት ቃል ነበር። ሲሰማው ግን ያሰበውን ያህል አልረካም። የጠጋኝ አመል ነው፣ ብልሽት ካገኘ መነሻው ድረስ ካልሄደ አያርፍም።

«የክፍሉ አሴቶን በኔ ቁም ሣጥን ተቆልፎበት፣ ቁልፉ ሩቅ ጣቢያ ድረስ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንተ ከየት አመጣኸው?»

 ዕድሜውን ሙሉ ተማሪ ሲያፋጥጥ የኖረው ፕሮፌሰር አሁን ራሱ ጫማውን ያይ ጀመር።

«እሱን አትጠይቀው» አለች ሚስቱ ከበሩ። «እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

ባለሌንሱ ዞረ። ሌንሷ አሁንም ዓይኑ ላይ ስለነበረች ሚስቱ ብዥ ብላ ነው የታየችው። አወለቃት።

«ጠርሙሱንም ጥጡንም» አለች። «ነጥቦቹ የት የት እንዳሉ የነገርኩትም እኔ ነኝ። ወንድምህን ይዛ የመጣችው እናትህ ናት፤ አንተ ጣቢያ በሄድክ ማግስት።»

እናቱ። «ያንን ሰዓት ላታስከፍት ማልልኝ» ያለችው እናቱ። 

«ለምን?» አለ ባለሌንሱ።

«ኮሚቴው ሁለታችሁንም ቢያይ የሚወስደው አንተን ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እናትህም ታውቅ ነበር፣ እሱም ይኸው ተቀምጧል፣ ያውቃል። አራት ዓመት! የሰባት ወር ሆድ ይዤ! ስንቱ ሄዶ እንደቀረም አይቻለሁ። እሷ ለታናሽ ልጇ አሰበች፣ እኔ ለራሴ አሰብኩ። አስቀረሁህ።»

«አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እሱን ስረግም ትሰሚ ነበር።»

«እሰማ ነበር። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ልጅ ተወለደ። ሌላ ተወለደ። አደጉ። ከዚያ ወዲያማ በምን አፌ?» መቃኑን ለቀቀችና ወደ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ቀረበች። «ደግሞስ ምን አተረፍኩ? ከሰው አገር አስቀረሁህ ብዬ ነበር። አንተ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ገብተህ ቀረህ። እሱ በአራት ዓመቱ ተመልሶ መጣ። አንተ ግን እስከ ዛሬ አልመጣህም።»

 ባለሌንሱ ውሸት ነው ሊላት ፈለገ፤ ሰባ ሁለቱ መሳቢያዎች ከጀርባው ቆመው ነበር። ለወንድሙ ያጠራቀመው ቁጣ ሁሉ የሚያርፍበት አጥቶ እጁ ላይ ቀረ። ሚስቱን ሊቆጣት ሞከረ፤ ለዚያም ዐቅም አልነበረውም። ያዘነው ለራሱ ነው፣ ክፉኛ አዘነ።

ፕሮፌሰሩ ስልኩን አወጣ። «ጋሼ፣ ሁለት ስም ይጻፋል። አሁኑኑ እደውላለሁ። የታተመውም ይቀደድ።»

«በምን ማስረጃ? ስምምነታችን ነጥብ ካለ ነበር። የለም» አለ ባለሌንሱ። «ያደሰውም ምናምንም እንዳትጽፍ። ሰዓቱን ተወውና ሂድ። ነገ ጠዋት ሾፌርህን ላክ።»

ፕሮፌሰሩ ሻዩን ሳይነካ ወጣ። ሚስቱ ትሪውን አንሥታ በሩ ድረስ ሸኘችው።

ባለሌንሱ የመበየጃ ካውያውን አጋለ። ጭጋግ የለበሱትን ዲጂቶች አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ከአርባኛው መሳቢያ ያወጣቸውን ስድስት በቦታቸው በየደ። ይህን ሥራ በሐሳቡ ስንት ጊዜ ሠርቶታል፤ ሰው በሞላበት አዳራሽ፣ ወንድሙ አጠገቡ ቆሞ፣ ነጥቦቹ ለሁሉም እየታዩ። አሁን የሚያየው አልነበረም። የመጀመሪያውን ዲጂት ሲያስቀምጥ እጁ ልማድ ሆኖበት ወደ መርፌው ሄዶ ነበር፤ መልሶ አኖራት። ሚስቱ ማድ ቤት ሆና ዕቃ ታጥባለች፤ የታጠበውን ደግማ የምታጥብ ይመስል ውሃው አላቋርጥ አለ።

«ለምን ሠራህለት?» ብላ ጠየቀችው ኋላ፣ ሰዓቱ በርቶ ስታየው።

«ሰዓቱ ምን በደለ?» አላት።

ስድስቱም ቁጥሮች እኩል ይበሩ ነበር፤ አንዱ ካንዱ አይበልጥም። ትክክለኛውን ሰዓት ሞላ፣ ቀዩን መስኮት መለሰ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ። በማግስቱ ሾፌሩ መጥቶ በጨርቁ ጠቅልሎ ወሰደው። ለቅዳሜው በዓል ፕሮፌሰሩ የጥሪ ወረቀት ልኮላቸው ነበር፤ ማንም አልሄደም።

እሑድ ጠዋት ሚስቱ እንደ ልማዷ አቧራ ልትወለውል ገባች። እሱ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ የሆነ ነገር ይፈታል። አርባኛው መሳቢያ በደንብ ስላልተዘጋ ልትገፋው ስትል ውስጡን አየች። ጭጋግ የለበሱት ስድስቱ ዲጂቶች ጥጥ ላይ ተደርድረዋል። አጠገባቸው በሱ ደቃቅ ጽሕፈት አዲስ ወረቀት አለ።

ከራሴ ሰዓት የወጣ።
በአሴቶን የተበላሸ።
ከባለቤቴ የተገኘ።

ሦስተኛውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሰባ ሁለቱ መሳቢያዎች ውስጥ እሷ የተጻፈችው እዚህ ብቻ ነበር። ጨርቋን አራግፋ መሳቢያውን ዘጋችው፤ እሱም ቀና አላለም።